መንገዱ ስንት ሰዓት ፈጀብዎት?

ስጦታው ይስማው ሞጣን በቀይ ያሰመራት ለክፋት አልነበረም። አረንጓዴውን ማርከር ለቢቸና ከተጠቀመበት በኋላ በመሳቢያው ውስጥ የቀረው ቀይ ብቻ ስለነበረ ነው። ጊዜው 1999 ዓ.ም. መስከረም ነው። የስጦታው ሥራ ከቢቸና እስከ ሞጣ በመንገዱ ዳር ካሉት ጤና ጣቢያዎች የኤች አይ ቪ ምርመራ ቁጥር በየሦስት ወሩ መሰብሰብና በሽታው የት እንደጨመረ፣ የት እንደቀነሰ መከታተል ነበር። በሩ ላይ «የቅኝት ባለሙያ» ተብሎ ተለጥፏል። ከተማው ግን «ቆጣሪው» ይለዋል።

የዚያን ሩብ ዓመት ቁጥር ከቀደሙት ጋር በትልቅ ወረቀት ላይ በመስመር አወጣው። የቢቸናው አረንጓዴ ከመቶ አንድ ላይ ፀሐይ እንደሚሞቅ ድመት ተዘርግቷል። የሞጣው ቀይ ደግሞ ከአራት ተነስቶ፣ ዳገት እንደያዘ በቅሎ አንገቱን አስግጎ ስምንት ደርሷል። ስጦታው ወረቀቱን በመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ላይ ለጠፈና እጁን አራግፎ ወደ ምሳው ሄደ።

ነገሩ ወረቀቱ ላይ አልቀረም። በሳምንቱ ቢቸና የሚለፈፍላት ጽድቅ ያገኘች መሰላት። ጠላ ቤት «ጎበዝ፣ እኛ ንጹሕ ነን!» ይባላል። ከሞጣ እህል ሊሸምት የመጣ ነጋዴ ሰላምታ ሲሰጥ እጁን የሚሸሹ ተገኙ። ልብስ ሰፊው ታደለማ ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ «ቢቸና ከመቶ አንድ! እሱም አንዱ ከሌላ አገር የመጣ ነው!» እያለ ማወጅ ጀመረ። ስጦታው ይህን ሲሰማ ለራሱ ትንሽ ደስ ብሎታል። ሐሰት ምን ያደርጋል፤ የተወለደባት ከተማ ናት።

ደስታው የቆየው እስከ እሑድ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቱ አቶ ይስማው አስቀመጡት። አቶ ይስማው የጤፍ ነጋዴ፣ የሰበካ ጉባኤ አባል፣ ሚስታቸው ከሞተች አራት ዓመት የሆናቸው፣ ንግግራቸውን እንደ እህል በቁና የሚሰፍሩ ሰው ናቸው። ስጦታው ሞጣ የምታስተምረውን ትህትና የምትባል መምህርት ሊያገባ እንደሚፈልግ ነሐሴ ላይ ነግሯቸው፣ «እናያለን» ብለውት ነበር። «እናያለን» ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ግማሽ እሺታ ነው።

«አሁን ግን አይቻለሁ» አሉት። «አይሆንም።»

«ምን አዩ አባባ?»

«አንተ ያሳየኸኝን። ልጅቱ የሞጣ ልጅ ናት አይደል?»

«ናት።»

«ሞጣን በቀይ ያሰመረው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ግን ቁጥሩ የአንድ ሰው አይደለም። ከመቶ ስምንት ማለት…»

«ዘጠና ሁለቱ ምንም የለባቸውም ማለት ነው። ሒሳብ አታስተምረኝ። እኔ ግን ከመቶ ስምንቱ ጠጠር የሆነ ጤፍ አልገዛም።»

«ትህትና ጤፍ አይደለችም!»

«ለዚያ ነው የተቸገርኩት። ጤፍ ብትሆን ነፍቼ አያት ነበር።»

ስጦታው ተከራከረ፣ ለመነ፣ ተቆጣ፤ ከንቱ። ያለ አባት ሽማግሌ የሚልክ ልጅ በዚያ አገር በር አይከፈትለትም። የትህትናን አባት ተክተው ያሳደጓት አጎቷ አቶ ፋንታ ደግሞ «እስከ ገና ሽማግሌ ካልመጣ፣ ከባሕር ዳር የሚጠይቅ ሌላ ሰው አለ» ብለው ቁርጡን ተናግረዋል። እስከ ገና የቀረው ሦስት ወር ነው። እና ስጦታው አልጋው ላይ ተጋድሞ አሰበ፤ ሠርጉን ያሰረበት ማንም ሳይሆን የራሱ እጅ ነው። ያሰረውም በሰባ ሳንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ነው።

ሲያስብ ሲያስብ አንድ ነገር ከነከነው። ሁለቱ ከተሞች አንድ መንገድ ላይ ናቸው። የሚያመላልሳቸው መኪና፣ ሹፌሩ፣ ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ሠርጉ አንድ ነው። ታዲያ በሽታው ሞጣ ላይ ሽቅብ ሲወጣ ቢቸና ላይ ምን አስተኛው? ቁጥር ያሰረውን ቁጥር ይፈታው እንደሆነ ብሎ ሞጣ ሄዶ መዝገቡን በዓይኑ ሊያይ ወሰነ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ረቡዕ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ቅጥቅጥ አይሱዙ ተሳፈረ። አባቱ ማታውኑ «እኔ ነገ ወደ የጥኖራ ለቅሶ እሄዳለሁ» ብለውት ስለነበር ተሰናብተው ነው ያደሩት። መኪናው ሞልቷል፤ የሞላውም በሚያውቃቸው ሰዎች ነው። ፀጉር አስተካካዩ አለ። ልብስ ሰፊው ታደለ አለ። ጥር ላይ ሊጋቡ ነው የሚባሉ ሁለት ወጣቶች አሉ፤ ወንዱ ከሹፌሩ ኋላ፣ ሴቲቱ ከመጨረሻው ወንበር፣ እንደማይተዋወቁ ሆነው ተቀምጠዋል። ነጠላ ያላዘቀዘቀ ሰው የለም።

«ወዴት ነው ጋሽ ታደለ?»

«ለቅሶ።»

«እናንተስ?»

«ለቅሶ» አሉ ሁሉም፤ መልሱ የተጠና ጸሎት ይመስል።

ከደብረ ወርቅ አልፈው ጉንደ ወይን ሲደርሱ መኪናው ለቁርስ ቆመ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ውበቴ ወገቧን ይዛ በር ላይ ቆመች።

«እናንተ ሰዎች፣ ሞጣ አለቀች እንዴ? በሳምንት ሦስት ቀን ለቀስተኛ ነው የሚያልፈው!»

«ሞት ምን ቀን አለው ውበቴ» አለ ታደለ።

«ሞትስ የለውም። ግን እኔ ያልገባኝ፣ ሌላ አገር ለቀስተኛ ሲሄድ በልቶ ሲመለስ ያዝናል። የእናንተዎቹ ሲሄዱ ሻይ አይወርድላቸው፤ ሲመለሱ ግማሾቹ ድስቴን ይጠርጉታል፣ ግማሾቹ ከመኪና አይወርዱም።»

ስጦታው ሳቀ። ሳቀ እንጂ አልገባውም። ቅጽ ላይ ያልተሞላ ነገር አይቶ ማለፍ ልማዱ ነው።

የሞጣዋ የምርመራ ክፍል ኃላፊ ሲስተር ይርጋነሽ ትልቅ ሴት ናት፤ ስትስቅ ወንበሩም አብሮ ይስቃል። ስጦታውን ገና ከበር ስታየው፣ «ቀይ የቀባኸን አንተ ነህ?» አለችው። ከምዝገባው ጠረጴዛ ኋላ፣ በካርድ መደርደሪያው ጀርባ አስቀመጠችውና መዝገቡን ጭኑ ላይ ጣለችለት። በመዝገቡ ስም የለም፤ መለያ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ያገባ ያላገባ፣ አድራሻ፣ ውጤት፤ በቃ። ስጦታው በጣቱ እየተከተለ ወረደ። ሞጣ ቀበሌ 01። ሞጣ ቀበሌ 03። ሞጣ ቀበሌ 02። ገጹን ገለበጠ፤ ሞጣ፣ ሞጣ፣ ሞጣ። ልቡ ከመስመሩ በተቃራኒ ቁልቁል ወረደ። ቀዩ እውነት ነው ማለት ነው።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ከመደርደሪያው ወዲያ አንድ ድምፅ ሰማ።

«ለቄስ የሚሰጥ ወረቀት ነው የምፈልገው፤ የጋብቻውን።»

ስጦታው እርሳሱን ጣለ። ያን ድምፅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

«ደስ ይላል አባቴ» አለች ሲስተር ይርጋነሽ። «አድራሻዎ የት ነው?»

«እዚሁ ሞጣ።»

«ቀበሌ?»

«ስንት ቀበሌ ነው ያላችሁ?»

«የፈለጉትን ይምረጡ።»

«እንግዲያው ሦስት አድርጊልኝ።»

«ሦስት አደረግኩ። ይቀመጡ እስቲ፣ ደክሞዎታል።»

«እንዴት አይደክመኝ!» አሉ አቶ ይስማው፤ ድምፃቸው የሰበካ ጉባኤ ድምፅ ሆነ። «አራት ሰዓት ሙሉ! ከጉንደ ወይን ወዲህ ያለው መንገድ ሰው እንዲሄድበት ነው የተሠራው ወይስ ኃጢአት እንዲሰረይበት? ወገቤ አንድ ቦታ፣ እኔ ሌላ ቦታ ነው የደረስነው! አቧራውስ! ደግሞ ያ የሁለተኛው መኪና ሹፌር ሁለት ፍየል ከእግሬ ሥር አስገብቶ አንዱ ፍየል…»

ሲስተር ይርጋነሽ ስለ ፍየሉ ሙሉውን ሰምታ፣ አዝናላቸው፣ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሸኘቻቸው። ስትመለስ ስጦታው ከመደርደሪያው ጀርባ እንደ ጨው ሐውልት ደርቆ አገኘችው።

«ምን ሆንክ?»

ሥራውን ሲጀምር ስለ ማንም ተመርማሪ ለማንም እንዳይናገር በፊርማው ምሏል። «ምንም» አለ። ቀጥሎም ቀስ ብሎ፣ «ከቀበሌ ሦስት እዚህ ድረስ አራት ሰዓት ይፈጃል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ወንበሩ አብሯት ሳቀ። «ለእናንተ አገር ሰው ይፈጃል! በሳምንት ሦስት መኪና ሙሉ ትመጣላችሁ። ቄሱ ያለ ወረቀት አላጋባም ሲሉ፣ ሐኪም ተመርመር ሲል፣ ሰው ራሱን ሲጠረጥር። እዚያ ያለችው ሲስተር ሀብትነሽ ደግና ምስጢር ጠባቂ ናት፤ ግን ለግማሹ ከተማ አክስት፣ ለግማሹ የክርስትና እናት ናት። በአክስቱ እጅ ማን ይወጋል?»

«የሞጣ ሰውስ?»

«ባሕር ዳር ይሄዳላ! እኔም እኮ አክስት ነኝ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ስታውቂ ለምን በሪፖርቱ አልጻፍሽም?»

«ቅጹ አድራሻ ይላል። አድራሻ ይሰጡኛል፤ እጽፋለሁ። ቅጹን ያመጣኸው አንተ።» ከዚያ ሳቋን ዋጠችው። «አሁን ግን የምስቅ እንዳይመስልህ። ባለፈው ወር ከወዲያ የመጣች አንዲት እናት ነበረች። ተገኝቶባታል። ተመልሰሽ ነይ አልኳት፤ በዚያ መንገድ ሁለተኛ የምትመጣበት ጉልበት አልነበራትም፣ አልመጣችም። እዚያው ከተማዋ የሚከታተላት ባለሙያ እንዲመደብ ብጠይቅ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ቢቸና ላይ በሽተኛ የለም፤ ግራፉን እዪው።›»

ስጦታው መዝገቡን ዘጋው። ይህን አላሰበውም ነበር። የተኛው አረንጓዴ መስመር የሰው ጀርባ ላይ እንደሚተኛ አላሰበም።

አድራሻ ቢጠየቅ ሰው ይዋሻል። ማስገደድ ደግሞ አይቻልም፤ ቢገደድ አይመጣም። ምን ይጠየቅ? ከወዲያ ክፍል አሁንም የአባቱ ድምፅ ይሰማል፤ ለደም ወሳጁ ስለ መንገዱ እየነገሩት ነው።

«ሲስተር» አለ ስጦታው ድንገት፣ «ከአድራሻው ቀጥሎ አንዲት ዓምድ ጨምሪልኝ። ‹መንገዱ ስንት ሰዓት ፈጀብዎት?› ብለሽ ጠይቂ።»

ሲስተር ይርጋነሽ አየችው። ከዚያ ዓይኗ በእንባ እስኪሞላ ሳቀች። «ጎጃሜ አገሩን ይደብቃል እንጂ መንገዱን ከተጠየቀ መቼ ይደብቃል! ደቂቃውን ሳይቀር ይነግረኛል!»

ከመመለሱ በፊት ትህትናን በትምህርት ቤቷ አጥር በኩል በዕረፍት ሰዓት አገኛት። በጠመኔ የነጣ እጇን ዘረጋችለት፤ ወዲያው ደግሞ ሰበሰበችው።

«ለነገሩ ቢቀርብህ ይሻላል። ቀዩ ይጋባብሃል።»

«ትህትና፣ በእግዚአብሔር።»

«ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ያወራሉ። አጎቴ ፋንታ ‹ያ ቆጣሪ እኛን ቆጥሮ ሲጨርስ ይምጣ› ይላል።»

«ልጨርስ ትንሽ ቀርቶኛል። አንድ ወር ስጪኝ።»

«ወሩ የእኔ አይደለም፤ የገና ነው» አለችና ደወሉ ሲደወል ሄደች። ከሄደች በኋላ ግን ከመማሪያ ክፍሉ በር ዞራ አየችው።

የስምንት ሰዓቱ መኪና ላይ ወጥቶ አንድ የቀረችውን ወንበር ሲያገኝ፣ ከጎኗ የተቀመጡት አባቱ ነበሩ። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም የፊተኛውን ወንበር ጀርባ እንደ መጽሐፍ አነበቡ።

«እንደምን ዋሉ አባባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?»

«ሥራ ነበረኝ።»

«እኔም ለቅሶ።»

«የጥኖራ አልነበረም?»

አቶ ይስማው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሟቹ የየጥኖራ ሰው ነው። የተቀበረው ግን ሞጣ ነው።»

«እግዜር ያጽናዎት።»

«አሜን።»

ከፊታቸው የተቀመጠች ሴት ዘወር ብላ፣ «እኔም ለቅሶ ነበርኩ ጋሽ ይስማው፤ ማን ነው የሞተብዎት?» ስትል፣ እሳቸው ቀና ብለው «አንቺስ ማንን ቀበርሽ?» አሏት። ሴትዮዋ ወደ መስኮቱ ዞረች። እሳቸውም ዞሩ። ከዚያ በኋላ መኪናው ውስጥ ማንም ስለ ሟች አላነሳም።

ስጦታው ነገሩ በእጁ እንደሆነ ያውቃል። «ቀበሌ ሦስት እንዴት ነው?» ብሎ አንድ ቃል ቢጥል፣ አባቱ ነገውኑ ሽማግሌ ይሰዳሉ። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ግን መሐላ አለ፤ ከመሐላው በላይ ደግሞ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጉልበታቸውን ገጥመው የተቀመጡት ሰውዬ አሉ። በስድሳ ዓመት ደጃፍ ላይ ቆመው፣ እንደ ጎረምሳ ተደብቀው አራት ሰዓት የተንገላቱ ሰው። ቃሉን ዋጠው። ጉንደ ወይን ላይ መኪናው ሲቆም ግን አቶ ይስማው ፈጥነው ወርደው፣ አንድ ሽሮ ጨርሰው ሌላ አዘዙ፤ ውበቴንም አመሰገኗት። ስጦታው ሳይጠይቅ፣ ማንም ምስጢር ሳያወጣ፣ የአባቱን ውጤት አወቀ። እሱም በላ።

በወሩ ቁጥሩ መጣ። ሞጣ ላይ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ተመርምሯል። ሁሉም ሞጣ ነዋሪ ነኝ ብሏል። ዘጠና ስድስቱ ግን አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ተጉዘው ነው የደረሱት፤ በኅዳጉ ላይ ሲስተር ይርጋነሽ «ሹፌሩን ረግመዋል»፣ «ጎማ ፈንድቶባቸዋል» ብላ ጽፋበታለች። ቫይረሱ ከተገኘባቸው ዐሥራ ሰባት ሰዎች ውስጥ ዐሥሩ ከእነዚህ ናቸው። ስጦታው ዘጠና ስድስቱን ከነዐሥሩ ከሞጣ ቀንሶ ለቢቸና ሰጠ፤ ቢቸና ላይ ከተመረመሩት ሰማንያ ሰዎችና ከተገኘበት አንድ ሰው ጋር ደመረ፤ አካፈለ። ሞጣ ከመቶ ስድስት። ቢቸና ከመቶ ስድስት፤ እንዲያውም በጥቂቱ ትበልጣለች። ሦስት ጊዜ አካፈለው። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

አለቃው አቶ አካለ ወልድ ጥንቁቅ ሰው ስለሆኑ፣ «ወደ ላይ ከመላኩ በፊት የከተማው ኮሚቴ ይየው» አሉ። ኅዳር መጨረሻ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ቄሱም ነጋዴውም እድርተኛውም በተሰበሰቡበት ስጦታው አዲሱን ወረቀት ገለጠ። ሁለቱ መስመሮች ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቀለም፣ ጥቁር፣ ተጠቅሟል። አንድ ማርከር ገዝቶ ማለት ነው።

አዳራሹ ፈነዳ።

«ስድስት? እኛ?»

«ትናንት አንድ አልነበርንም እንዴ!»

ከሁሉ በላይ የጮኸው ልብስ ሰፊው ታደለ ነው። «ጎበዝ፣ አልገባችሁም? ሙሽራዋ የሞጣ ልጅ ናት! እሷን ለማጽዳት እኛን አቆሸሸ!»

ሳቅም ቁጣም ተነሳ። ስጦታው ጆሮው ጋለ። «ቁጥሩ የመጣው ከመዝገብ ነው። የቢቸና ሰው ሞጣ እየሄደ ይመረመራል።»

«እስቲ አንድ ጥራ!» አለ ታደለ ደረቱን ነፍቶ። «ሞጣ ሄዶ የተመረመረ አንድ የቢቸና ሰው በስሙ ጥራ!»

ስጦታው አየው። በዚያ ረቡዕ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከፊቱ የተቀመጠውን ታደለን አየው። ከፊት ረድፍ አባቱን አየ። አቶ ይስማው ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን ተክለው መሬት መሬት ያያሉ።

«አልጠራም» አለ።

«ስለሌለ ነው!»

«ቢኖርም አልጠራም። የማልኩበት ነው።»

አቶ አካለ ወልድ ተቁነጠነጡ። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር ያለ ምስክር እንዴት ይሄዳል? ሰው ደግሞ የጋብቻውን ነገር እያነሳ ነው። ካልሆነ የቀድሞውን ሪፖርት…»

የቀድሞውን። አረንጓዴው ተኝቶ፣ ቀዩ ወጥቶ። ስጦታው ወረቀቱን ጫፉን ይዞ ቆመ፤ ከወረቀቱ ጋር ምን ምን ተጠቅልሎ እንደሚሄድ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ትህትና አለችበት፤ ያቺ ያልተመለሰች እናትም አለችበት።

ያን ጊዜ ከዘራ መሬት መታ።

«እኔን ጻፍ» አሉ አቶ ይስማው። ቆመዋል።

«ምን ብሎ ይጻፍዎት?»

«ሞጣ ሄዶ የተመረመረ አንድ የቢቸና ሰው ብሎ። አድራሻዬን የዋሸሁ። ቀበሌ ሦስት ነኝ ያልኩ። ሦስተኛ ቀበሌ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣበትም አላውቅ።»

አዳራሹ አፉን ከፈተ። «ጋሽ ይስማው! በዚህ ዕድሜዎ መመርመር ምን ሊያደርግልዎት?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ምን ያደርጋል? ላገባ ነዋ!»

«ማንን?»

«እሱ ቅጹ ላይ የለም» አሉ አቶ ይስማው። ቅጹ ላይ ባይኖርም ከሴቶቹ ወገን ወይዘሮ አስናቀች፣ የበርበሬ ነጋዴዋ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ስለነበር መጠየቅ አላስፈለገም። ከጎኗ ያሉት በክርናቸው ይጎሽሟት ጀመር።

ሳቁ በረድ ሲል የአብዛኛው ሰው የንስሐ አባት ቄስ ሣህለ ማርያም መስቀላቸውን ከእጅ እጅ አዛወሩ። «እኔም ሳልናገር መቅረቴ ልክ አይደለም። ዘንድሮ ለጋብቻ የመጣልኝ ወረቀት ሃያ አራት ነው። የማን እንደሆነ አልናገርም። ሃያ አንዱ ላይ ግን ያለው የሞጣ ማኅተም ነው። እኔ ማኅተማቸው ቀለሙ ደመቅ ስለሚል ሰው ወዶት መስሎኝ ነበር።»

«እኔ የሄድኩት ለለቅሶ ነው!» አለ ታደለ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አሉት ቄስ ሣህለ ማርያም፤ ታደለም ደረቱን አስተንፍሶ ተቀመጠ።

አቶ አካለ ወልድ ብዕራቸውን አወጡ። ሪፖርቱ በጥቁሩ ሄደ፤ ከሪፖርቱም ጋር ለቢቸና የሚከታተል ባለሙያ እንዲመደብ የሚጠይቅ ደብዳቤ ሄደ። ዞን ደብዳቤውን አቆይቶ መልስ ሲሰጥ ጥር ሆኗል፤ ግን መለሰ።

አባትና ልጅ ከአዳራሹ ወጥተው ወደ ቤት ጎን ለጎን ሄዱ።

«መደርደሪያው ሥር ጫማህን አይቼዋለሁ» አሉ አቶ ይስማው ገበያው ጥግ ሲደርሱ። «ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ወር ተኩል አፍህን ስጠብቅ ከሳሁ። ዛሬ ይላል፣ ነገ ይላል እያልኩ። ለምን ዝም አልክ?»

«ምዬ ነው አባባ።»

«ለአባትህም?»

«ለአባቴማ ይብሳል።»

አቶ ይስማው ጥቂት ሄዱ። «ብትናገር ኖሮ» አሉ፣ «ሽማግሌ እልክልህ ነበር። አንተን ግን እንደ ልጄ አላይህም ነበር።» ከዚያ የነጋዴ ድምፃቸው ተመለሰ። «እስከ ገና ነው ያሉት አይደል? እንግዲህ ቄሱን ይዤ እኔው እሄዳለሁ። ወገቤን እግዜር ያውቃል።»

ስጦታው ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል በከዘራቸው አገዱት።

«ቆይ። ጥር ላይ የእኔ ይቀድማል።»

«እንዴት ሆኖ! የልጅ ሠርግ እያለ?»

«እኔ ወረቀት አለኝ። አንተስ? ተመርምረሃል?»

የአገሩን ሰው በሙሉ በመቶኛ ያካፈለ ሰው፣ ራሱ አንድም ቀን ክንዱን አልዘረጋም ነበር።

«አየህ» አሉት አባቱ። «ሰልፍ ያዝ።»

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሽማግሌዎቹ ሞጣ ገቡ። አቶ ፋንታ ግማሽ ቀን ሙሉ እያሳቀቁ፣ «እኛ ቀዮቹ ለናንተ ለአረንጓዴዎቹ እንበቃለን ወይ?» እያሉ ካስጨነቋቸው በኋላ ሰጡ። የአባትየው ድግስ በጥምቀት ማግሥት ሆነ፤ የልጁ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለየካቲት መባቻ ተቀጠረ።

ከአባቱ ሠርግ በኋላ ባለው ሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ለድግሱ የመጣችው ትህትና ገና ቢቸና ነበረች። ስጦታው ከቤት ሲወጡ «ደብረ ወርቅ ቅርብ ነው፤ እዚያ ብንሄድ…» ብሎ ሲጀምር ቆማ አየችው። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ሁለቱም በዋናው መንገድ፣ በታደለ ሱቅ በር፣ በበርበሬ ተራ በኩል፣ እያንዳንዱን ሰላምታ እየመለሱ ሄደው ከሲስተር ሀብትነሽ ክፍል በር ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። መላው መንገድ ያያቸዋል።

«ፈራህ?» አለችው።

«በጣም።»

«እኔም።»

በሩ ተከፈተ። ሲስተር ሀብትነሽ፣ የስጦታውን እናት በልጅነቷ ያዘለች፣ እሱንም ያዋለደች፣ መነጽሯን ገፋ አድርጋ ሁለቱን አየቻቸው።

«ማን ይቅደም?»

አብረው ተነሡ።